መቶ ኪሎ ትርፍ ብረት፦ የፊያት 124 እና የላዳ 2101 ታሪክ

ፊያት 124 ከሁሉ በፊት ቀላል እንዲሆን የታሰበ መኪና ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጣሊያን ሠራተኛ ኑሮው እየተሻሻለ ነበር። ቬስፓ ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ትንሿን ፊያት ሴይቸንቶ የገዛው አባወራ ልጆቹ ሲያድጉ መኪናዋ ጠበበችው። በ1964 ከሚላኖ እስከ ናፖሊ የሚዘልቀው የፀሐይ አውቶስትራዳ ተጠናቆ ሲከፈት ደግሞ በዚያ ሰፊ አስፋልት ላይ ሰዓታት ሙሉ ሳያንገሸግሽ የሚሮጥ፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው የሚይዝ፣ ዋጋው ግን ከሠራተኛው አቅም የማይርቅ መኪና ተፈለገ።

በቱሪን የፊያትን የምሕንድስና ክፍል የሚመራው ዳንቴ ጃኮዛ ነበር። ትንሿን ቶፖሊኖ፣ ሴይቸንቶን እና ቺንኩዌቸንቶን የወለደ ሰው ነው። የፊት ጎማዎቿ የሚገፏትን አውቶቢያንኪ ፕሪሙላን በ1964 ለገበያ አቅርቦ ስለነበር ስለ አዲሱ የመኪና አሠራር ከማንም በላይ ያውቃል። ለ124 የተመረጠው መንገድ ግን የቆየውና የተፈተነው ነበር፦ ሞተር ከፊት፣ ግፊት ከኋላ። የፕሮጀክቱን ሥራ በቅርብ የመራው መሐንዲስ ኦስካር ሞንታቦኔ ሲሆን፣ ጥበቡን ሁሉ ያፈሰሰው ግራም በግራም ክብደት በመቀነስ ላይ ነው። የመኪናው ቅርጽ ልጅ ወረቀት ላይ የሚስለው ዓይነት ነው፤ ሦስት ሳጥን፣ አራት በር፣ ቀጥ ያሉ መስመሮች። ይህ ቀጥተኛነት ግን ስንፍና አልነበረም። ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ለመቅረጽ ርካሽ ነው፣ ቀጥ ያለ ጣሪያም ለኋላ ተሳፋሪ ራስ ቦታ ይሰጣል። ሥራው ሲያልቅ ከአራት ሜትር ጥቂት የሚበልጠው መኪና ባዶውን 855 ኪሎ ብቻ መዘነ። ለአምስት ሰው መኪና ይህ ዛሬም የሚያስገርም ቁጥር ነው።

ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል ለፌራሪ የውድድር ሞተሮችን ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። ለ124 የሠራው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 1,197 ሲሲ ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋት 73 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 71.5 ሚሊ ሜትር። ካምሻፍቱ ከጎን ታች ተቀምጦ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት ይከፍታል። በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ 60 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። እያንዳንዱ ፈረስ የሚጎትተው 14 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሆነ መኪናው በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀው ግን ፍሬኑ ነው። በዚያ ዘመን የብዙ ቤተሰብ መኪናዎች አራቱም እግር ላይ ታምቡር ፍሬን ነበር፤ ትንሽ የተሻሻሉት ከፊት ዲስክ ያደርጋሉ። ፊያት 124 በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ይዞ መጣ። የኋላ አክስሉም በባሌስትራ ፋንታ በሞላ ላይ ተቀመጠ። በ1966 ለሕዝብ የቀረበው መኪና በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ሲመረጥ፣ ቢኤምደብሊውንና የእንግሊዙን ጄንሰን ኤፍኤፍን ከኋላው አስከትሎ ነበር። ጄንሰን አራቱም ጎማ የሚገፋው፣ ፍሬኑ እንዳይነክስ የሚቆጣጠር መሣሪያ የተገጠመለት ውድ መኪና ነው። ዳኞቹ ግን ለሠራተኛው ሳጥን ፈረዱ። እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደርስበት መልካም ነገር ጥቂቶች ከሚያደንቁት ድንቅ ነገር ይበልጣልና።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሞስኮ ሌላ ችግር ነበር። በ1965 ያ ሰፊ የሶቪየት አገር በዓመት የሚያመርተው የቤት መኪና 200,000 ገደማ ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሌክሲ ኮሲጊን ሕዝቡ መኪና እንዲያገኝ ከፈለጉ ከነፋብሪካው፣ ከነማሽኑ፣ ከነአሠራሩ ከውጭ መግዛት እንደሚያዋጣ አመኑ። ሬኖ 16ን ጨምሮ የተለያዩ የምዕራብ አውሮፓ መኪናዎች ታዩ። የሶቪየት መሐንዲሶች እያንዳንዱን ሲመዝኑ ፖለቲካውም የራሱን ሚዛን ይዞ ነበር። ጣሊያን ያኔ ከምዕራቡ ዓለም ትልቁ ኮሚኒስት ፓርቲ የነበረባት አገር ነበረች፤ ለፊያትም ይህን የመሰለ ገበያ ማለፍ የማይታሰብ ነበር።

የፊያት አንጋፋ መሪ ቪቶሪዮ ቫሌታ በግንቦት 1966 ከሶቪየቱ የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ሚኒስትር ከአሌክሳንደር ታራሶቭ ጋር ቱሪን ላይ መግባቢያ ፈረሙ። ዋናው ውል ነሐሴ 15 ቀን 1966 ሞስኮ ላይ ተፈረመ። የጣሊያኑ የልማት ባንክ ኢሚ ብድሩን አቀረበ። ለፋብሪካው የተመረጠችው ከተማ በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለችው፣ ቀድሞ ስታቭሮፖል ትባል የነበረችው ናት። አሮጌው ከተማ በ1950ዎቹ ለኃይል ማመንጫ በተሠራው ግድብ ውኃ ተውጦ ነዋሪው ወደ ላይ ተዛውሯል። በነሐሴ 1964 የጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ ፓልሚሮ ቶሊያቲ ያልታ ላይ ሲያርፉ አዲሷ ከተማ በስማቸው ተሰየመች። ስያሜው ከፊያት ውል ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው። ከተማዋ የተመረጠችበት ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ወንዙና ባቡሩ ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱ መኪናዎች ታሪክ መለያየት ይጀምራል፤ ይህን ምዕራፍ ረጋ ብዬ ላውራው።

ፊያት 124ዎች ወደ ሶቪየት ተልከው ከሞስኮ በስተሰሜን ባለው በድሚትሮቭ የሙከራ ሜዳ ተፈተኑ። ይህ ሜዳ ለስላሳ አስፋልት ብቻ አልነበረውም። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ጭቃ፣ ጎድጓዳ፣ ክረምት ሲገባም በረዶ። በጣሊያን ጎዳና ላይ እንደ ሚዳቋ ይዘል የነበረው መኪና ድንጋዩ ላይ ሲነዳ ቦዲው ተሰነጠቀ። ግራም በግራም የተቀነሰው ክብደት ዋጋውን ጠየቀ ማለት ነው። በአውሮፓ የተወደሰው የኋላ ዲስክ ፍሬን ደግሞ ጭቃና አሸዋ ሲገባበት ሸራው በአጭር ርቀት ተበልቶ አለቀ። ዲስኩ ክፍት ነው፣ የገባው አሸዋ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ታምቡር ግን ዝግ ስለሆነ ቢያንስ ከቆሻሻው ይጠበቃል። የመኪናው ሆድም ለመሬት በጣም ቀርቧል፤ 110 ሚሊ ሜትር ከፍታ ለአውቶስትራዳ ይበቃል እንጂ የጋሪ ጎማ ለቆፈረው የገጠር መንገድ አይሆንም።

የፊያት መሐንዲሶች ለዚህ ፈተና መልስ መስጠት ነበረባቸው። ሰጡም። ከሶቪየት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በመኪናው ላይ ከ800 በላይ ለውጥ አደረጉ፤ በኋላ ላዳ 2101 የተባለው ይህ የተለወጠው መኪና ነው። የቦዲው ቆርቆሮ ወፍሮ መገጣጠሚያዎቹ ተጠናከሩ። የኋላው ዲስክ ወጥቶ የአሉሚኒየም ታምቡር ገባ፤ ውስጡ ሸራው የሚይዘው የብረት ቀለበት አለው። የሆዱ ከፍታ ወደ 170 ሚሊ ሜትር ወጣ። የኋላ አክስሉ በአራት ቁመታዊ ክንዶችና በአንድ አግድም ዘንግ እንዲያዝ ሆነ፤ ይህን አሠራር ፊያትም ብዙ ሳይቆይ ለራሱ 124 ወስዶታል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ስፋት ከ182 ወደ 200 ሚሊ ሜትር አደገ፤ ጭቃ ውስጥ የሚታገል ሹፌር ፍሪሲዮን እንደሚያቃጥል ያውቁ ነበርና። ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና በገመድ የሚጎተትበት ቀለበት ከፊትም ከኋላም ተበየደ። ባትሪ በብርድ ሲሞት ሞተሩ በእጅ ማንቀሳቀሻ ብረት እንዲነሣ ከፊት ፓራውልቱ ላይ ቀዳዳ ተበጀ። የቤንዚን ፓምፑ ሞተር ሳይዞር በእጅ የሚገፋበት ትንሽ ማንሻ ተጨመረለት። የበሮቹ እጀታ የሰው ልብስ እንዳይዝ፣ እግረኛም እንዳይጎዳ ወደ ውስጥ ገባ።

ትልቁ ክርክር በሞተሩ ላይ ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች የላምፕሬዲን ሞተር ገልጠው ሲያዩ ሁለት ነገር አልወደዱም። አንደኛ፣ ካምሻፍት ከታች መቀመጡ ዘመኑ እያለፈበት ያለ አሠራር ነው አሉ። ሁለተኛውና ይበልጥ ብልህ የሆነው ነጥብ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ በጣም መቀራረባቸው ነበር። ሞተሩን ወደፊት እናሳድገው ቢባል ሲሊንደሩን ለማስፋት በመካከላቸው ብረት የለም። እነዚህ ሰዎች ፋብሪካውን የሚገዙት ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ የሚያድግ ሞተር ጠየቁ። ፊያት በመጀመሪያ አልተዋጠለትም፣ በመጨረሻ ግን ተስማማ። የሲሊንደሮቹ ርቀት ሰፋ፣ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ወጥቶ በሰንሰለት የሚነዳ ሆነ። የሲሊንደሩ ስፋት 76፣ የፒስተኑ ምልልስ 66 ሚሊ ሜትር ሲሆን ድምሩ 1,198 ሲሲ፣ ከጣሊያኑ በአንድ ሲሲ ብቻ የሚበልጥ። የፒስተኑ ምልልስ ማጠሩ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሳይጨነቅ እንዲሠራ ይረዳዋል። ጉልበቱ 62 ፈረስ ያህል ሆነ። ካርቡራቶሩም በዌበር ፈቃድ ሶቪየት ውስጥ የሚመረት ነበር።

በእኔ ግምት የሶቪየት መሐንዲሶች በዚህ ውል ውስጥ ያገኙት ትልቁ ነገር ይህ ሞተር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ላዳን የፊያት ግልባጭ ብለው ያልፋሉ። ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ሰው ግን ሁለቱ ሞተሮች የሚጋሩት ነገር ጥቂት መሆኑን ወዲያው ያያል።

ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ብናቆማቸው? ቁመታቸው በሦስት ጣት ስፋት ይለያያል እንጂ ያው ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም 2.42 ሜትር ገደማ ሆኖ ይገጥማል። ሁለቱም ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ አላቸው፣ ሁለቱም የኋላ ጎማቸው ይገፋል፣ የሞተራቸው የመጎተት ኃይልም በ3,400 ዙር ላይ 87 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ሚዛኑ ላይ ነው፦ ፊያቱ 855፣ ላዳው 955 ኪሎ። መቶ ኪሎ። ከእያንዳንዱ የላዳ ፈረስ ኋላ ከ15 ኪሎ በላይ ይጎተታል። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ለመድረስ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀላሉ ፊያት ይቀድመዋል። የመጨረሻ ፍጥነቱ 140 ሲሆን እዚያም ፊያቱ በትንሹ ይበልጣል። ሲቆሙም እንዲሁ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ አራት ዲስክ ያለው ፊያት ፍሬኑ ሲረገጥ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኖ ይይዛል፣ ተደጋግሞ ሲረገጥም ሙቀት አያደክመውም። ላዳው ያኔ የተገጠመለት ጠንካራው የሶቪየት ጎማ ጥርጊያ መንገድ ይችላል እንጂ ጠመዝማዛ ላይ እንደ ፊያቱ ራዲያል ጎማ መሬት አይነክስም።

በወረቀት ላይ ያለው ውጤት ስለዚህ ግልጽ ነው፤ የቱሪኑ መኪና በሚለካው ሁሉ ይበልጣል፣ ከሁለት ፈረስና ከሆዱ ከፍታ በቀር። ወረቀቱ ግን የድሚትሮቭን ድንጋይ አልነዳም።

በ1967 የቶሊያቲ ፋብሪካ መሠረት ተቆፈረ። ዳይሬክተሩ ቪክቶር ፖሊያኮቭ ነበሩ። ከመላው አገሪቱ ወጣቶች መጡ፤ የሶቪየት ባለሙያዎች ለሥልጠና ወደ ቱሪን፣ የጣሊያን ባለሙያዎች ወደ ቮልጋ ተመላለሱ። የሌኒን መቶኛ ዓመት ልደት ሚያዝያ 22 ቀን 1970 ስለሚከበር ፋብሪካው ለዚያ በዓል መኪና እንዲያሳይ ተጣደፈ። ሚያዝያ 19 ቀን የመጀመሪያዎቹ ስድስት መኪናዎች ከመስመሩ ወጡ፤ ሁለቱ ሰማያዊ፣ አራቱ ቀይ። በአገር ቤት ከቮልጋ ማዶ ባሉት ኮረብቶች ስም ዢጉሊ ተባሉ። ወደ ውጭ የሚላኩት ብዙም ሳይቆይ ላዳ የሚለውን ስም ያዙ።

ዋጋው 5,500 ሩብል ነበር። በዚያው ዓመት የሶቪየት ሠራተኛ አማካይ የወር ደመወዝ 122 ሩብል ገደማ ስለሆነ፣ ምንም ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ገንዘቡን ያገኘም ተራ መጠበቅ ነበረበት። እንዲህ ሆኖም የተፈላጊነቱ ምክንያት አይጠፋም። ከሌሎቹ የሶቪየት መኪናዎች፣ ከሞስክቪች ወይም ከዛፖሮዤትስ ወርዶ ላዳ የነዳ ሰው ማሞቂያው የሚያሞቅ፣ በብርድ ጠዋት የሚነሣ፣ መሪው የማያደክም መኪና ውስጥ ገብቷል። ፋብሪካው ሲታቀድ በዓመት 660,000 መኪና እንዲያመርት ነው፤ ያንን አቅም በጥቂት ዓመታት ደረሰበት። በ1975 የሶቪየት ኅብረት የቤት መኪና ምርት 1.2 ሚሊዮን ሲሞላ ከግማሽ በላዩ የቮልጋው ፋብሪካ ነበር።

ነቀፌታም አልጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአዲሱ ሞተር ካምሻፍት ቶሎ ይበላ ነበር፤ ብረቱን የማጠንከሪያው መንገድ እስኪታረም ድረስ ብዙ ባለቤቶች ቴስታታ አስከፍተዋል። ካምሻፍት ወደ ላይ መውጣቱ ያመጣው ጥቅም ከነጣጣው ነው የመጣው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ቤተሰቦች እያደጉ ሄዱ። ፊያት በ1968 1,438 ሲሲ ሞተር ያለውን 124 ስፔሻል አወጣ፤ 70 ፈረስ። በ1970 ሁለት ካምሻፍት በቴስታታው ላይ ያለበት ስፔሻል ቲ መጣና 80 ፈረስ አስቆጠረ። ሶቪየቶች በ1972 2103ን አቀረቡ። የተጠየቀው የሚያድግ ሞተር ሥራውን ጀመረ፦ የፒስተኑ ምልልስ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ረዝሞ 1,452 ሲሲ፣ 77 ፈረስ። በ1976 ደግሞ ሲሊንደሩ ወደ 79 ሰፍቶ 2106 ተወለደ፤ 1,569 ሲሲ፣ 80 ፈረስ። ፊያት በ1970 የደረሰበትን ጉልበት ላዳ በስድስት ዓመት ዘግይቶ ደረሰበት፣ ያውም በአንድ ካምሻፍት።

ግን 2106 ሲወለድ ፊያት 124 በጣሊያን አልነበረም። በ1974 ምርቱ ቆሞ 131 ተተክቶበታል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ተመርቶ ነበር። በስፔን ሴአት፣ በቱርክም ቶፋሽ ከ1971 ጀምሮ ሙራት በሚል ስም ሲሠሩት ቆዩ፤ በሕንድ በ1985 ፕሪሚየር ኩባንያ የኒሳን ሞተር ገጥሞ እንደ አዲስ አስነሣው። በጣሊያን ጎዳና ላይ ግን ሳጥኑ 124 ቶሎ ተመናመነ። የዚያ ዘመን ፊያቶች ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። ቀጭኑ ቆርቆሮ፣ በወጣበት ቀን የተወደሰው ያ ቀላልነት፣ በክረምት ጨው የሚረጭበት መንገድ ላይ ብዙ አልቆየም። ስሙን ዛሬ ድረስ ያቆየችው ጣሪያዋ የሚከፈተው 124 ስፓይደር ናት፤ እሷ የራሷ ታሪክ አላት።

ላዳዎቹ ድንበር መሻገር ጀመሩ። ምሥራቅ አውሮፓ ተሞላ፤ በ1974 እንግሊዝ ገቡ፣ በዋጋቸው ርካሽነት ገዢ አገኙ። ወደ እኛም መጡ። አዲስ አበባና አስመራ ፊያትን ከቀድሞ ያውቁታል፤ ሴይቸንቶ የከተማው ታክሲ ሆና ኖራለች። ከ1977 በኋላ ሞስኮ ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ ዞራ የደርግ ወዳጅ ስትሆን ላዳ በመሥሪያ ቤት ግቢም በመንገድም እየበዛ ሄደ። የኋላ ኋላ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የኮንትራት ታክሲ ሆነ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት አዲስ አበቤ ሌሊት በሽተኛ ሆስፒታል ያደረሰበት፣ ሙሽራ ያጀበበት፣ ከአየር መንገድ እንግዳ ያመጣበት መኪና ሆኖ ቆየ።

እዚህ ያ የወረቀት ንጽጽር እንደገና መታየት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያጣል። የላዳው 62 ፈረስ እዚህ 50 እንኳ አይሞላም፤ የፊያቱ 60ም ቢሆን ከ48 አይዘልም። ቤንዚኑ በባሕር ወለል ልክ ከመጣ ደግሞ ለሳሳው አየር ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን በደንብ ካልያዘ ዳገት ላይ እንፋሎት መታየቱ የማይቀር ነው። አሁን አራት ሰው ጭኖ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ላዳ አስቡ። አንዱ ፈረስ የሚጎትተው ወደ 26 ኪሎ ይደርሳል። ፊያቱም በተመሳሳይ ጭነት ወደ 25 ኪሎ ይጎትታል። በባሕር ወለል ላይ ባዶ ሲሆኑ በጉልህ የሚታየው የክብደት ልዩነት ሰው ሲሞላ ይጠባል፤ ሁለቱም በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ የትኛው ነገም ተመልሶ ይወጣል የሚለው ነው።

በዚህ ጥያቄ ነው መቶ ኪሎው የሚከፍለው። ኮብልስቶን በተነጠፈበት፣ ክረምት በገባ ቁጥር አስፋልቱ በሚቦረቦርበት፣ የቦይ ክዳን በተነሣበት ከተማ የ170 ሚሊ ሜትር ሆድ ቅንጦት አይደለም። የኋላ ታምቡሩ የክረምቱን ጭቃ ይችላል። የቦዲው ብረት ስለወፈረ ተበይዶ ይያዛል፤ የቀጭን ቆርቆሮ ቦዲ ብየዳ ሲነካው ይበሳል። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የላዳ ሹፌሮች ከፍተው የሚጠግኑትን ባየሁ ቁጥር የድሚትሮቭ ሜዳ ትዝ ይለኛል። እነዚያ መሐንዲሶች ስለ አዲስ አበባ አላሰቡም፤ ግን የሠሩት ለዚህ መንገድ የሚስማማ መኪና ነው።

የጋራዡ ሰው የሚያደንቀው ሌላም ነገር አለ። ኮፈኑ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ቦታ ብዙ ነው፤ እጅ ከነመፍቻው ይገባል። ካርቡራቶሩ፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው በየራሳቸው ተፈትተው ይወጣሉ። ኮምፒዩተር የለም፣ ኤሌክትሪኩ በአንድ መብራት ይፈተሻል። ከሁሉም በላይ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ደም ነው፤ 2101 የጀመረውን 2105ና 2107 ይዘው ስለቀጠሉ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ሸራ፣ አሞርዛተር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። በአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ በሶማሌ ተራ፣ ለላዳ የሚፈለግ ዕቃ ከሌላ የተፈታ ላዳ ይገኛል።

የሁለቱ ዕድሜ ልዩነት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። 2105 በ1980፣ 2107 በ1982፣ ባለ ሰፊ ጀርባው 2104 በ1984 ወጡ። መብራታቸው አራት ማዕዘን ሆነ፣ ፓራውልታቸው ወፈረ። የበሩና የጣሪያው መስመር ግን ጃኮዛና ሞንታቦኔ ያሰመሩት ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች፤ ፋብሪካው ተርፎ እነዚሁኑ መኪናዎች ማምረቱን ቀጠለ። 2107 እና 2104 በ2012 ሲቆሙ ከ1970 ጀምሮ ከ17 ሚሊዮን በላይ ተመርተው ነበር። ቱሪን ለስምንት ዓመት የሠራችውን ሳጥን ቮልጋ አርባ ሁለት ዓመት ሠራችው።

ይህን ቁጥር ስናነብ አንድ እውነት መሸሸግ የለብንም። ላዳ አርባ ዓመት የኖረው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪ በሌለበት ገበያ፣ የተሻለ በማይቀርብለት ሕዝብ መካከል ስለተወለደም ነው። በ2000ዎቹ የተሠራ 2107 ከአየር ከረጢትና ከዘመናዊ የደኅንነት መዋቅር ጋር አይተዋወቅም ነበር፤ ቤንዚንም ያባክናል። በ1970 ኩራት የነበረው ነገር በ2010 ለተሳፋሪው አደጋ ነው። ለሰባዎቹ ላዳ ያለኝ አድናቆት ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት አይከተለኝም።

አዲስ አበባም ከላዳ ወደ ሌላ እየተሻገረች ነው። መጀመሪያ የቻይና ሊፋኖችና ቶዮታዎች፣ ከዚያ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች የኮንትራቱን ሥራ ወሰዱ። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ይህ ክልከላ ማስገባቱን ቢያግድም ቀድሞ የገባውን ከመንገድ አላወጣም። ስለዚህ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎቹ በየሠፈሩ መቆሚያ ቁጥራቸው እያነሰም ቢሆን ይታያሉ፤ የብዙዎቹ ሞተር ከአንድ ጊዜ በላይ ወርዷል፣ ቦዲያቸው ተበይዷል፣ ሥር ያለው ግን በ1966 ድሚትሮቭ ላይ የተሰነጠቀው መኪና ከነማጠናከሪያው ነው።